ሁሉ አማረሽ በኮምፒውተር ገበያ

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉ አባቶች የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥም ወጣት ሳያዩ አልቀሩም። ኮምፒውተሩ ከጫማ ካርቶን ያልበለጠ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጉልበቱ ደግሞ ወደር የሌለው ይሁንልኝ ይላል። ፊዚክስን ማንም አላማከራትም።

በማዘርቦርዱ በኩል ችግር የለም፤ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ከ2001 ጀምሮ አለ። ወንድማችን ግን እዚያ ላይ ሊሰካ የተመኘው አርቲኤክስ 5090 የተባለውን የግራፊክስ ካርድ ነው። የካርዱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ የሚጠቀመው ኃይል እስከ 575 ዋት። ያ ሁሉ ዋት ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱን ለማስወጣት ንፋስ ያስፈልጋል፤ ንፋሱን ፋን ያመጣዋል፤ ፋን ደግሞ ይጮኻል። ትልቅ ፋን ቢሆን ቀስ እያለ ሥራውን በዝምታ በጨረሰ ነበር። ነገር ግን ትልቅ ፋን ሰፊ ኬዝ ይፈልጋል፤ ሰፊ ኬዝ ደግሞ ጠረጴዛውን ያበላሽበታል። ስለዚህ ትንሿ ፋን ነፍሷ እስኪወጣ ትሽከረከራለች።

የኦስትሪያውን ኖክቱዋ ቡናማ ፋን በውድ ገዝቶ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ሸሽጎ፣ ጸጥታውን አወድሶ ሲያበቃ ምን ያደርጋል? ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ የተኩስ ጌም ይከፍታል።

ምክር ለሚሰማ፦ 115 ዋት የሚበቃውን አርቲኤክስ 4060 ዓይነት ካርድ ምረጡ፤ ፋኑም ቀስ ብሎ ይዙር። የተረፈው ገንዘብ ጌም ይገዛል።