ስለ እውነተኛዋ ካውገርል መለኪያ
ካውገርል የምትባለው በምዕራብ አሜሪካ ሰፋፊ የከብት እርባታዎች፣ ማለትም «ራንች» በሚባሉት ይዞታዎች፣ ፈረስ ጋልባ ከብት የምትነዳ፣ ጥጃ በገመድ ጠልፋ የምትይዝና አጥር የምትጠግን ሴት ናት። ይሁን እንጂ ስሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ልብሱን ብቻ ይዞ በመሄዱ፣ ዛሬ ሰፊ ባርኔጣ የደፋች፣ ጫፉ የሾለ ቦት ጫማ ያጠለቀችና ዘለበቱ ሳህን የሚያክል ቀበቶ የታጠቀች ሁሉ ካውገርል ትባላለች። ይህ ሁሉ ትጥቅ በአንድ ቀን ከሱቅ ተገዝቶ ሊሟላ ይችላል፤ ችግሩ ላሚቱ ፋሽን የማትከታተል ፍጡር መሆኗ ነው።

ልብስንና ሥራን ማምታታት የቆየ ልማድ እንደሆነ ታሪክ ያስረዳል። በ1860 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት የተወለደችው አኒ ኦክሊ ከ1885 ጀምሮ በቡፋሎ ቢል የትርኢት ቡድን ውስጥ በዒላማ ተኩስ ተመልካችን ስታስደንቅ በመኖሯ፣ ብዙዎች የካውገርሎች ሁሉ እናት አድርገው ይቆጥሯታል፤ ሴትዮዋ ግን ስሟን የተከለችው በጠመንጃ እንጂ በከብት አልነበረም። በአንጻሩ በቴክሳስ መምህርትና የሒሳብ መዝገብ ያዥ የነበረችው ሊዚ ጆንሰን በ1871 የራሷን የከብት ምልክት፣ ይኸውም ባለቤትነትን ለማሳወቅ በጋለ ብረት ከብቱ ቆዳ ላይ የሚተኮሰውን መለያ፣ በስሟ አስመዘገበች፤ በ1879 አንድ ሰባኪ ስታገባም ንብረቷ የራሷ ብቻ ሆኖ እንዲቀጥል አስቀድማ ተዋዋለች። ከብቶቿ በቺሾልም መንገድ ወደ ካንሳስ ሲነዱ እሷና ባሏ ከመንጋው ኋላ በሠረገላ ይከተሉ ነበር እንጂ በፈረስ አይጋልቡም ነበር። እንደሚተረከው ሊዚ ምልክት ያልተተኮሰባቸውን የባሏን ጥጆች በእሷ ምልክት እንዲተኩስ የከብት አለቃውን ስታዝ፣ ባልየውም ያንኑ ሰው ለብቻው ጠርቶ በእሷ ጥጆች ላይ እንዲሁ እንዲያደርግ ያዘው ነበር። ትዳሩ እስከ ሞት ድረስ መዝለቁ፣ አለቃው ሁለቱንም እኩል መታዘዙን የሚያመለክት ይመስላል።

ሮዲዮ፣ ማለትም የከብት ጠባቂነት ሙያ በአደባባይ የሚፈተንበት ውድድር፣ ለሴቶች የተመቸ ሜዳ ሆኖ አልቆየም። በ1929 በኦሪገን ግዛት በፔንድልተን ሮዲዮ ላይ ቦኒ ማካሮል ያልተገራ ፈረስ ስትጋልብ በደረሰባት አደጋ ሕይወቷ ካለፈ በኋላ፣ ፈረሱ የሚጥለውን ሰው ጾታ እየለየ የሚጥል ይመስል፣ አዘጋጆቹ ሴቶችን ከዚሁ ግልቢያ አስወጥተው ወንዶቹ መውደቃቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀዱ። በ1948 በቴክሳስ ሳን አንጄሎ ከተማ የተሰበሰቡ 38 ሴቶች በሌሎች ፈቃድ መወዳደር ስላልበቃቸው የራሳቸውን የሮዲዮ ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ የሴቶች ዋነኛ መድረክ የሆነው የበርሜል ሽቅድምድም ሦስት በርሜሎችን በፈረስ ዞሮ በፍጥነት መመለስን የሚጠይቅ ሲሆን፣ አንድ በርሜል የጣለች ተወዳዳሪ 5 ሰከንድ ይጨመርባታል፤ ዳኛው ሰዓት በመሆኑም የባርኔጣ ውበት ምንም ነጥብ አያስገኝም። በዚህ ውድድር ከ1984 እስከ 1993 ለ10 ተከታታይ ዓመታት የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ሻርሜይን ጄምስ በ1985 የፍጻሜ ውድድር ላይ እየጋለበች ሳለ የፈረሷ የስካምፐር ልጓም ቢወልቅም፣ ፈረሱ ያለ ልጓም ዞሮ የዕለቱን ዙር አሸነፈ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት አበው ስካምፐርን ቢያዩ ኖሮ ተረቱን ሳያሻሽሉት አይቀሩም ነበር።

የሙያው ጥብቅ ሕግ ግን ከሜዳው ይልቅ በራንቹ ይታያል። በ1981 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የሆነችው ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ያደገችው በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ በሚገኘው ሌዚ ቢ በተባለ ራንች ነበር። በልጅነቷ ለከብት ሰብሳቢዎቹ ምሳ ጭና ስትሄድ የመኪናው ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ፤ እልህ አስጨራሽ ብሎኖችን ብቻዋን ፈትታ ጎማውን ቀይራ ብትደርስም፣ አባቷ ከምስጋና ይልቅ መዘግየቷን ነገሯት፤ ለእሳቸው ጎማ ሊፈነዳ እንደሚችል አስቦ ቀደም ብሎ መነሳትም የሥራው አካል ነበር። ይህች ዳኛ በ2002 በፎርት ወርዝ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የካውገርል ሙዚየም የክብር መዝገብ ላይ መስፈሯ የሚያስገርመው የካውገርልን መለኪያ ከልብስ ጋር ያያያዘውን ሰው ብቻ ነው።

በዚሁ መዝገብ የሰፈሩት ኮኒ ሪቭስ በቴክሳስ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶችን ግልቢያ ሲያስተምሩ የኖሩ ሲሆን፣ የዘወትር ምክራቸው እያንዳንዷ ፈረሷን ራሷ እንድትጭን ነበር፤ እሳቸውም በ2003 ሕይወታቸው ያለፈው በ101 ዓመታቸው ከፈረስ ወድቀው ነው። እንግዲህ እውነተኛ ካውገርል ፈረሷን ራሷ የምትጭን፣ ጥጃዋን የምታውቅና ለዘገየችበት ምክንያት የማትደረድር ሴት ናት፤ በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ከካውቦዮቹም ስማቸውን የሚመልሱ ጥቂት አይሆኑም።