ለግርማዊነታቸው ግምጃ ቤት፦ ጠመንጃ ስለሚይዘው አዛውንት

ለ፦ ለታላቋ ብሪታንያ የግርማዊነታቸው ግምጃ ቤት
ለንደን

ጉዳዩ፦ ፕሉቶኒየም የሚጠብቁ ፖሊሶችን የጡረታ ዕድሜ ከሌሎች ፖሊሶች ለይቶ በማራዘም ለታየው ጥበብ ምስጋና ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ደብዳቤ ለክቡር ግምጃ ቤቱ ከአንገት በላይ ያልሆነ አድናቆቱን ያቀርባል። ሌሎች መንግሥታት ለአንድ ሠራተኛ አንድ ማንነት ብቻ ሰጥተው ሲያበቁ፣ ግምጃ ቤቱ ግን በ2013 ባስወጣው የመንግሥት አገልግሎት ጡረታ አዋጅ አንድን ሰው ጠመንጃ ሲረከብ ፖሊስ፣ የጡረታ ፎርም ሲሞላ ደግሞ ተራ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አድርጎ መመልከት እንደሚቻል አስመስክሯል (በዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናትን እስከ ዛሬ የከፈለውን የአንድ አካልና የሁለት ባሕርይ ክርክር ሲያነሣ ስንት ሊቃውንት ተሟግተዋል፣ ስንቱም ተወጋግዟል፤ ግምጃ ቤቱ ግን ተመሳሳዩን ጉዳይ በኮንስታብሎች ላይ ያለ አንድ ሊቅና ያለ አንድ ውግዘት በበጀት ሰንጠረዥ ቋጭቶታል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የሲቪል ኑክሌር ፖሊስ ኃይል የሚባለው በ2004 የኢነርጂ አዋጅ ተደንግጎ ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ፣ ለጦር መሣሪያ ሳይሆን ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለመሰል ሥራ የሚውል የኑክሌር ቁስ የሚገኝባቸውን ሥፍራዎች የሚጠብቅ፣ ቁሱ በየብስም ሆነ በባሕር ሲጓጓዝ አብሮ የሚጓዝ፣ አባላቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም መሣሪያ የታጠቁ የፖሊስ ተቋም ነው። በካምብሪያ ጠረፍ ያለው ሴላፊልድ፣ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ዱንሬይ፣ እንዲሁም እንደ ሂሻምና ሳይዝዌል ያሉት የኃይል ማመንጫዎች በእርሱ ጥበቃ ሥር የቆዩ ናቸው። የአባላቱ ሥልጣን በአጥሩ አይወሰንም፤ ከአጥሩ ውጭ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደማንኛውም ፖሊስ ሰው ማስቆም፣ መፈተሽና ማሰር ይችላሉ። በሴላፊልድ ብቻ 140 ቶን የሚጠጋ ፕሉቶኒየም ተከማችቷል፤ ፕሉቶኒየም ዩራኒየም በሪአክተር ውስጥ ሲቆይ የሚፈጠር ብረት ሲሆን፣ ጥቂት ኪሎ ግራሙ ለአንድ ቦምብ ስለሚበቃና የሴላፊልዱም ክምችት ለሲቪል አገልግሎት ከተለየው ሁሉ በዓለም ትልቁ በመሆኑ፣ ጠባቂው እንቅልፋም እንዳይሆን መመኘት ቅንጦት አይባልም።

የግምጃ ቤቱን ጥበብ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ ሄድ ማለት ይገባል። የዚህ ኃይል አባት የሆነው የአቶሚክ ኢነርጂ ባለሥልጣን ፖሊስ የተቋቋመው በ1955 ሲሆን፣ በ1976 ፓርላማው ራሱን የቻለ አዋጅ አውጥቶ መሣሪያ የመታጠቅ ሥልጣኑን አሰፋለት። እነዚህ ፖሊሶች በጡረታ ረገድ የተመዘገቡት ከባለሥልጣኑ ፊዚሲስቶች፣ ሒሳብ ሠራተኞችና ጸሐፊዎች ጋር በአንድ መዝገብ ነበር፤ መውጫውም ለሁሉም 60 ዓመት ነበር። ፊዚሲስቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ኮንስታብሉ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለቱም እኩል 60 ሲሞላቸው ይሰናበታሉ፤ የከተማና የወረዳ ፖሊስ ግን በ1987ቱ ሥርዓት 30 ዓመት አገልግሎ፣ በ2006ቱ ደግሞ በ55 ዓመቱ መውጣት ይችል ስለነበር፣ የኑክሌሩ ፖሊስ ከጥንትም የተሻለውን ድርሻ አግኝቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ልዩነቱ ሊሸከሙት የሚቻል ስለነበር ብዙም ጩኸት አላስነሣም።

የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ እንዲያጠና የተሾመው የሎርድ ጆን ሀተን ኮሚሽን በ2011 ባቀረበው ሪፖርት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ መንግሥት ለዜጋው ሁሉ ከወሰነው የጡረታ ዕድሜ ጋር እንዲያያዝ፣ የደንብ ልብስ የሚለብሱት ማለትም ወታደሮች፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን የሥራቸው ጠባይ ከሰውነት አቅም ጋር የተቆራኘ ስለሆነ 60 ላይ እንዲቆዩ መከረ። ሎርዱ ቀደም ሲል በፓርላማ ሲወክሉት የነበረው ባሮው ኤንድ ፈርነስ ሴላፊልድ በሚገኝበት በካምብሪያ ግዛት ውስጥ ያለ አካባቢ ሲሆን፣ ሪፖርታቸውን ባስረከቡበት በዚያው ዓመት የኑክሌር ኢንዱስትሪ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነዋል። የኑክሌር ፖሊስ የደንብ ልብስ መልበሱን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእርሳቸው የቀረበ ባልተገኘ። ግምጃ ቤቱ ምክሩን ተቀብሎ በ2013ቱ አዋጅ ሲያስጽፈው ግን «የፖሊስ ኃይል አባላት» የሚለው ልዩ መብት ለከተማና ለወረዳ ፖሊሶች ሆነና፣ የኑክሌሩ ፖሊስ ከፊዚሲስቱና ከጸሐፊው ጋር በነበረበት መዝገብ ቀረ፤ መዝገቡም አሁን የሚዘጋው በ60 ሳይሆን በመንግሥት የጡረታ ዕድሜ ነው። ይህ ዕድሜ በ2020 66 የደረሰ፣ በ2028 67 የሚሆን፣ ከኤፕሪል 1978 በኋላ ለተወለደ ደግሞ በወጣው ሕግ መሠረት 68 የሚሆን ነው።

እንግዲህ አዋጁ በወጣበት ዓመት በ25 ዓመቱ የተቀጠረ ኮንስታብል በአዋጁ ስሌት ሙሉ ጡረታውን የሚያገኘው በ2056 ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት ለተራ ሰው ቢከብድም በኑክሌር ሚዛን ሲታይ ምንም አይደለም፤ ፕሉቶኒየም-239 ጨረራው በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ 24,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፣ የሴላፊልድ የማጽዳትና የማፍረስ ሥራም እስከ 2125 ገደማ እንደሚዘልቅ ታቅዷል። ከእንዲህ ያለ ቁስ ጋር ውሎ ስለ 8 ዓመት ጭማሪ ማጉረምረም ትልቁን ነገር አለማስተዋል መሆኑን ግምጃ ቤቱ ሳይናገር አስረድቷል።

የሰውነቱ ጉዳይ ግን ቀርቦ መታየት አለበት። በብሪታንያ ፖሊስ ዘንድ የተለመደው የብቃት መመዘኛ ለመግለጽ ቀላል ነው፤ በአዳራሽ ወለል ላይ 15 ሜትር ተራርቀው ሁለት መስመሮች ይሰመራሉ፣ ከድምፅ ማጉያው አጭር ጩኸት በተሰማ ቁጥር ተፈታኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሶ መገኘት አለበት፣ በጩኸቶቹ መካከል ያለውም ጊዜ ደረጃ በደረጃ ስለሚያጥር መጀመሪያ ላይ ሶምሶማ የነበረው ወደ ሩጫ፣ ሩጫውም ወደ ማለክለክ ይለወጣል። መሣሪያ ለማይዘው ተራ ፖሊስ የሚበቃው ደረጃ 5.4 ሲሆን፣ ጠመንጃ ለሚይዝ ግን 7.6 ነው። አዋጁ «ፖሊስ» ብሎ በ60 የሚያሰናብተው ሰው ጠመንጃ እስካልያዘ ድረስ ዝቅተኛውን ደረጃ ካለፈ ይበቃዋል፤ አዋጁ እንደ ጸሐፊና እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የቆጠረው ሰው ግን ከፍተኛውን እያለፈ እስከ 68 መዝለቅ ይጠበቅበታል። ከአዳራሹ ሲወጣም ጥይት የማይበሳው ሰደርያ፣ አጭር ጠመንጃ፣ ሽጉጥና የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ ተሸክሞ ረጅሙን ፈረቃ በር ላይ ይቆማል፤ ዱንሬይ ከሆነ የተመደበው፣ በታኅሣሥ ወር ከስድስት ሰዓት እምብዛም የማይበልጥ የቀን ብርሃን ባለበት የባሕር ዳርቻ ንፋስ ላይ ነው።

በከተማ ፖሊስ ዘንድ ጉልበቱ የከዳው አንጋፋ ወደ መዝገብ ክፍል፣ ወደ ምርመራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ጉብኝት ይዛወራል። በኑክሌሩ ፖሊስ ግን ሥራው ራሱ ጠመንጃ ይዞ መጠበቅ ስለሆነ የሚዛወሩበት ጠረጴዛ እንደ ልብ አይገኝም፤ ፈተናውን የወደቀ ሰው መሣሪያውን ያስረክባል፣ መሣሪያውን ካስረከበ ደግሞ የተቀጠረበት ሥራ የለም። በ58 ዓመቱ ፈተና የወደቀ ኮንስታብል ለጡረታ አሥር ዓመት ይቀረዋል፣ ለሥራው ግን አንድ ቀን አልተረፈውም። አድማ መትቶ ቅሬታውን እንዳይገልጽ ደግሞ ሕጉ በዚህ በኩል ፖሊስ መሆኑን ሳይረሳ ከልክሎታል። ግምጃ ቤቱን በዝንጉነት የሚከስሱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የዘነጋው አንዱን ብቻ ነው፣ እርሱም ገንዘብ የሚያስወጣውን።

የኑክሌር ፖሊሶቹ ፌዴሬሽን ይህን ጉዳይ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2016 በሰጠው ውሳኔ የኑክሌር ፖሊስ አባላት በአዋጁ በተቀመጠው አገባብ የፖሊስ ኃይል አባላት አይደሉም በማለት አቤቱታውን አልተቀበለም። ፍርዱ በሕግ አተረጓጎም ረገድ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ዳኛ የተጻፈውን ያነባል እንጂ በር ላይ የቆመውን አይመለከትም፣ መጻፉም የዳኛው ሥራ አልነበረም። ከዚህ ውሳኔ አንድ ዓመት ሳይሞላ በ2017 በማንቸስተር የደረሰውን ፍንዳታ ተከትሎ የአደጋው ሥጋት ወደ መጨረሻው እርከን ከፍ ሲል ግን፣ ወታደሮች በኑክሌር ሥፍራዎች ጥበቃ ተተክተው በጡረታ መዝገብ ፖሊስ ያልሆኑት እነዚህ ፖሊሶች የከተማውን ፖሊስ እንዲያግዙ ተልከዋል። ሕዝቡ በጎዳና ላይ ሲያያቸው ፖሊስ መስለውት ይሆናል፤ ስሕተቱን ማረም የግምጃ ቤቱ ፋንታ ነበር።

ቁጠባውም ቢሆን ልዩ ጣዕም አለው። የዚህ ኃይል ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው የሚጠበቁትን ሥፍራዎች በሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ነው፤ ከእነዚህም መካከል የብሪታንያን የኑክሌር ማመንጫዎች የሚያንቀሳቅሰው ኢዴኤፍ ከ2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ሆኗል። የእንግሊዛዊው ኮንስታብል ጉልበት በ67 ዓመቱ ሲዝል የሚተርፈው ገንዘብ ከፊሉ በፓሪስ በኩል ይተርፋል ማለት ነው፤ ሁለቱ አገሮች ስንት ዘመን ከተዋጉ በኋላ እዚህ የመተሳሰብ ደረጃ ላይ መድረሳቸው ለታሪክ ጸሐፊዎች ጥሩ ርዕስ ነው።

ይህ ደብዳቤ ግምጃ ቤቱ የጀመረውን እንዲፈጽም ጥቂት ሐሳቦችን በትሕትና ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ የጠባቂው ዕድሜ ካደገ የአጥቂው ዕድሜ አብሮ ማደግ ስላለበት፣ የኑክሌር ሥፍራ ለማጥቃት የሚያስብ ማንኛውም ሰው ዕድሜው ከመንግሥት የጡረታ ዕድሜ ያላነሰ መሆኑን የሚያስረዳ የልደት ማስረጃ አስቀድሞ እንዲያቀርብ በአዋጅ ቢደነገግ ፍትሐዊ ይሆናል። ይህ ካልተቻለ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው 15 ሜትር ከ60 በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመት በሁለት ሜትር ያህል እንዲያጥር፣ በ68 ዓመቱም ኮንስታብሉ ቆሞ ጩኸቱን ቢሰማ በቂ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ሌላው አማራጭ፣ የአዋጁን አርቃቂዎች በየዓመቱ አንድ ቀን ሰደርያውንና ጠመንጃውን አሸክሞ በአዳራሹ ወለል ላይ ማስሮጥ ነው፤ ይህ ግን ከሥራቸው ጠባይ ጋር ስለማይገናኝ ተቀባይነት ያገኛል ተብሎ አይጠበቅም።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለሲቪል ኑክሌር ፖሊስ ፌዴሬሽን፣ እንዲያውቁት
ለኢዴኤፍ፣ ፓሪስ፣ የምስጋናው ድርሻ እንዲደርሳቸው
በ2056 በሴላፊልድ በር ላይ ለሚመደበው ተረኛ፣ መነጽሩን ሲያገኝ እንዲያነበው