ጨው አያወራም

በከተማችን በሙጃ ምስጢር የሚባል ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አንዲት ሴት ቡና ሲቆላ አፍንጫዋን ከሸፈነች፣ አቦሉ ሳይቀዳ ሰፈሩ የክርስትና አባት መርጦ ይጨርሳል። እኔም ከመራጮቹ አንዷ ነኝ። ማን ድንገት ሎሚ እንዳበዛች፣ ማን የወጥ ሽታ አልወድም ማለት እንደጀመረች ከእኔ ዓይን አያመልጥም። ይኼ ሥራ ደመወዝ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ፎቅ ሠርቼበት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰፈር ወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ምን ታድርግ? መድኃኒት ቤት የእርግዝና መመርመሪያ አለ፤ ዋጋውም ያን ያህል ውድ አይደለም። ችግሩ ለመግዛት አፍ መክፈት ያስፈልጋል። ትገባና «ፓራሲታሞል አላችሁ?» ትላለች። ይሰጣታል። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች አልወጡም። «ፕላስተርስ?» እሱም አለ። ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። «እ… የሳል ሽሮፕ?» በመጨረሻ ሳያማት፣ ሳትቆስልና ሳትስል ሁሉንም ገዝታ ትወጣለች፤ የፈለገችው ግን መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

አንዷ ብልጥ ነኝ ብላ ወልድያ ድረስ ወረደች። እዚያ ማን ያውቀኛል ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች። ሻጯ መመርመሪያውን እየጠቀለለች ቀና አለችና «አንቺ የሙጃዋ አይደለሽም እንዴ? እትዬ ደህና ናቸው?» ልጅቱ ከመኪና ሳትወርድ ሰላምታው እናትየው ጆሮ ደርሷል፤ ከነምክንያቱ።

ስለዚህ ወደ ጓዳ መግባት መጣ። ስልኩ ላይ ደግሞ መምህር ሞልቷል፤ «እርግዝናሽን በሁለት ደቂቃ በጨው እወቂ» ይላል፣ ከጀርባው ሙዚቃ ለቆ። የጠዋት ሽንት በብርጭቆ፣ በላዩ ላይ ጨው፣ ከዚያ እንደ አይብ ከተጓጎለ አርግዘሻል። እንደ አይብ! ይኼን አይብ ስታወጣ ለኖረች ሴት ይነገራታል? ሁለት እህትማማቾች ብርጭቆውን ወደ መስኮት አስጠግተው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አንዷ «አይብ ሆኗል» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ እቴ፣ ገና አሬራ ነው።» የአንዷ አማት ስትገባ ክርክሩን ሰማችና «ቅቤው የት ሄደ?» አለች።

ከጨው ይልቅ ብዙ ምእመን ያለው ኮልጌት ነው። ሽንት ሲነካው አረፋ ከሠራ እልል ይባላል። አንድ ቤት እልልታው ሊጀመር ሲል፣ አንዷ ተጠራጣሪ የአሥራ አራት ዓመት ወንድማቸውን ሽንት አስመጣች። የእሱ አረፋ የባሰ ሆነ። ቤቱ ዝም አለ፣ ከዚያ አያትየው «እሱስ መንታ ነው መሰለኝ» አሉ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ብዙ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት አለ፣ ሽንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ አሲድነት አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ይወጣል፣ አረፋ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ሎሚም ቢጨመቅበት ያረግዛል። ኦሞ ላይ ስለሚሞክሩትማ ምን እላለሁ? ኦሞ ሥራው አረፋ ነው።

በረኪና የሚጨምሩ ግን ሳቄን ያስቆሙኛል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረትም ይዘጋል። ሰው እንዳያይ ደግሞ በሩ ተዘግቷል። ሴትየዋ ዓይኗ ደም መስሎ፣ እያሳለች ስትወጣ ደጅ የምትጠብቀው ጎረቤቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የደስታ እንባ ነው!»

በገብስ ለሚመረመሩ ብቻ ኮፍያዬን ባላነሳም ነጠላዬን አስተካክላለሁ። የጥንት ግብፆች ከ3000 ዓመት በፊት ሴትየዋ ገብስና ስንዴ ላይ እንድትሸና ያደርጉ ነበር፤ ከበቀለ አርግዛለች። እ.ኤ.አ. በ1963 ተመራማሪዎች ሞክረው፣ ካረገዙት ሴቶች 70 በመቶ በሚሆኑት እህሉ በቅሏል። የሕፃኑን ፆታም ይለያል የተባለው ግን አልሠራም። አካባቢያችን፣ ግዳንና ላስታ፣ የገብስ አገር ስለሆነ ዘሩ አይቸግረንም። የሚቸግረን ብርዱ ነው፤ በሙጃ ውርጭ ገብሱ እስኪበቅል ልጁ ተወልዶ ክርስትና ይነሳል።

ፈረንጆቹም ከእኛ የተሻለ ክብር የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሴትየዋን ሽንት ከደቡብ አፍሪካ ለመጣች እንቁራሪት በመርፌ ይሰጡ ነበር፤ ሴትየዋ ካረገዘች እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ይኼ አስቂኝ ይምሰል እንጂ በደንብ ይሠራ ነበር። ምክንያቱም ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ከተጣበቀ በኋላ የሚመነጨው ኤች.ሲ.ጂ የሚባለው ሆርሞን የእንቁራሪቷን አካል ያነሳሳል። ቢያንስ እንቁራሪቷም ሴት ናት፣ ነገሩ ይገባታል። ጨው ምን ብሎ ይግባው?

የመድኃኒት ቤቱም የመመርመሪያ ወረቀት የሚፈልገው ይህንኑ ሆርሞን ነው። ቤት ውስጥ መመርመርን ያሰበችው ደግሞ ሐኪም አይደለችም፤ ማርጋሬት ክሬን የምትባል አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኝ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የማሸጊያ ዲዛይን የምትሠራ ወጣት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ሐሳቡን ስታቀርብ አለቆቿ አልወደዱትም፤ ሴት በራሷ ቤት ብቻዋን እንድታውቅ አልፈለጉም። በዚያ ዘመን የኒው ጀርሲ አለቃና የሙጃ ሰፈር በአሳብ አንድ ነበሩ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው፦ ምስጢር እንዲጠበቅ ተብሎ በጨው ይሞከራል፣ ከዚያ ሳይመሽ ለእህት፣ ለአክስት፣ ለቡና ጓደኛ ይነገራል። ጨው ቃሉን ጠብቋል። ያወራነው እኛው ነን።

ወረቀቱ ወር አበባ ከቀረ በኋላ፣ በተለይ አንድ ሳምንት ቆይቶ በጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ሲሞከር ይታመናል። ቶሎ ከተቸኮለ ግን ያረገዘችውንም «የለም» ሊላት ይችላል፤ ያኔ ከጥቂት ቀናት በኋላ መድገም ነው። ሁለት መስመር ከታየ ቀጣዩ መንገድ ጤና ጣቢያ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር ክትትል በነፃ ነው፤ የመጀመሪያው ቀጠሮም ከ12 ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። እኛ ደጃፍ ላይ የምንቀመጠው ደግሞ፣ አንዲት ልጅ ትንሽ ፌስታል ይዛ ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ ካየናት፣ እባካችሁ «ምን ገዛሽ?» አንበላት። «ደህና ዋልሽ?» በቂ ነው።