ምዝገባ የሌለው ትምህርት

ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 በፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ፣ ማለትም 5 ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰፋሪ እስከ 65 ሄክታር ገደማ የመንግሥት መሬት በሚሰጠው ድንጋጌ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሲኮተኩቱና ላም ሲያልቡ ሥራው ሥራ ከመባል አላለፈም። ዛሬ በዚያው ስም በሚጠራው፣ ምግብን በጓሮ አምርቶ ራስን በመቻል አኗኗር ግን፣ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ስለተፈቀደ፣ ፍየል ማለብ ሳይንስ፣ እንቁላል መቁጠርም ሒሳብ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ የዶሮ ኩስ መጥረግ በየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚመደብ ግን ወላጆቹ ራሳቸው የተስማሙ አይመስልም። ከብቱን በመልኩ፣ ግጦሹን በወቅቱ ለይቶ የሚያውቀው የጎጃም እረኛ በአንጻሩ፣ መዝጋቢ ወላጅ ስላልገጠመው፣ በጥናት ሰነዶች ውስጥ የሚገኘው «ከትምህርት ገበታ የራቁ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው።