አክተር አይሞትም፦ በደብተር ጀርባ ስለሚካሄደው ውጊያ መጠነኛ ጥናት

በለገሃርና በካዛንቺስ መካከል ባሉ ሰፈሮች፣ በተለይ ዝናቡ ልጆችን ቤት በሚያስቀምጥባቸው የሐምሌና የነሐሴ ሳምንታት፣ ምሁራን እስከ ዛሬ ያልደረሱበት አንድ ተቋም ሲሠራ ኖሯል። ሠራዊት፣ ካርታ፣ መተዳደሪያ ደንብና የሟቾች መዝገብ አለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለፈው ዓመት የኅብረተሰብ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ናቸው። ስም ግን የለውም፤ አባላቱ «ያንን ነገር እንጫወት» ከተባባሉ ይበቃቸዋል።

ያንን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይስላል፤ ከሥዕሉ አጠገብ «ነፍስ 3፣ ጉልበት 10፣ ጎራዴ 1» ብሎ ይጽፋል። አንደኛው ልጅ ብቻ ሰው አይስልም። እሱ የሚስለው ዋሻውን፣ ዘንዶውንና ከዘንዶው ጀርባ ያለውን ወርቅ ነው። «ዋሻው ደጃፍ ደርሳችኋል፤ ከውስጥ የሆነ ድምፅ ይሰማል» ይላል። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ በተራ ይናገራሉ። አንዱ እዋጋለሁ ይላል፣ አንዱ እደበቃለሁ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ዳቦ እንዲገዛ ተልኮ ይሄዳል።

የውጭ ምንጮች የጨዋታውን ልደት እ.ኤ.አ. በጥር 1974 ያደርጉታል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው አሳተሙት፤ የመጀመሪያው እትም አንድ ሺሕ ኮፒ ነበር። ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሥራውን ካጣ በኋላ ጫማ ይጠግን ነበር። ይህ ለለገሃር አንባቢ ነገሩን ቀረብ ያደርገዋል፤ ሶል እየሰፋ ሌላ ዓለም የሚያስብ ሰው እዚህም አይጠፋምና። ወሩ በእኛ ጥር 1966 ነው። በየካቲት አዲስ አበባ ውስጥ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ስለሚታወቅ፣ የጨዋታው ዜና በወቅቱ ለምን እንዳልደረሰን ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም።

አንዳንዶች ታሪኩን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካርታ ላይ ጦርነት ወደተለማመዱት የፕሩሲያ መኮንኖች ይጎትቱታል። መጎተቱ ካልቀረ ዕቃ ዕቃ አለ። በዕቃ ዕቃ አባት ቆርኪውን ይዞ «ሥራ ሄድኩ» ይልና ከግንቡ ጀርባ ቆሞ ይመለሳል፤ እናት በጭቃ ወጥ ትሠራለች፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ያማል። ገጸ ባሕርይ ሆኖ መጫወት ማለት ይኸው ነው። የጎደለው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ደብተሩ ያመጣው ለውጥ ማስረጃ ነው፦ ከዚህ በኋላ «አልሞትኩም» ለማለት ሰነድ ማቅረብ ግዴታ ሆነ።

የዕድልን ነገር ማን ይወስናል? አሜሪካኖቹ ሃያ ገጽ ያለው ዳይ ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ገደማ ዳይ አጥሮባቸው፣ አሳታሚው በሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው የካርቶን ቁራጮች ለማኖር ተገደደ፤ ገዢው ኩባያ ውስጥ ከትቶ እያወጣ እንዲጫወት። በአማርኛ ይህ ዕጣ ይባላል። ለገሃር እጥረቱ አልተሰማም። የቢክ እስክሪብቶ እ.ኤ.አ. በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ ሲወጣ እንደ እርሳስ ስድስት ጎን ኖሮት ነው፤ ከጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ እንዳይወድቅም ያግዘዋል። ስሙን ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የወሰደ ሰፈር ለፈረንሳይ እስክሪብቶ አዲስ ሥራ ቢያገኝለት አያስገርምም። ልጆቹ በስድስቱ ጎን ላይ በመርፌ ከአንድ እስከ ስድስት ጭረት ያወጡበታል። እንዳይንከባለል የተሠራውን ሲያንከባልሉት ይውላሉ።

የሥርዓቱ እምብርት ግን ሞት ነው። በእርሳስ የተሳለ ሰው ሟች ነው፤ ነፍሱ ሲያልቅ ላጲስ ይመጣበታል። ላጲሱ ጥሩ ካልሆነ፣ ጥሩም አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ግራጫ ጥላ ይቀራል። ይህ ጥላ መንፈስ ተብሎ ከሦስት ተራ በኋላ ተመልሶ መዋጋት ይችላል። በእስክሪብቶ የተሳለ ግን አይጠፋም። ጣቱን በምራቅ አርሶ ሊያጠፋው የሞከረ ወረቀቱን ይቀዳል፤ ቀዳዳው ጉድጓድ ተብሎ በካርታው ላይ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወዲያ ያለፈበት ሁሉ ይገባበታል። በታችኛዎቹ ክፍሎች የሚጻፈው በእርሳስ፣ ከፍ ሲሉ በእስክሪብቶ በመሆኑ፣ ዘላለማዊ ሕይወት የሚገኘው ክፍል በማለፍ ነው። ታላላቆች ከታናናሾቻቸው ጋር መጫወት ለምን እንደሚወዱ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

ስለ ሥዕሎቹም ጥቂት ይባል። እጅ መሳል ከባድ ነው። ስለዚህ ጀግኖቹ በሙሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል፤ ጎራዴው ከጎናቸው በአየር ላይ ነው፣ ማን እንደያዘው አይጠየቅም። ፊት ሁሌም ወደ ግራ ያያል፤ ወደ ቀኝ የሚያይ ፊት የሚስል ልጅ በሰፈሩ አንድ ቢኖር ነው፣ እሱም ይከፈለዋል፣ በብይ። ፈረስ ውሻ ይመስላል። ዘንዶ ግን ማንም አይበላሽበትም።

የተጫዋቾቹ ክርክር የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

«መታሁህ፣ ሞተሃል።»

«ጋሻ አለኝ።»

«የታል ጋሻህ?»

«ቆይ ልሳለው።»

ይህን የሚዳኘው ባለደብተሩ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይህን ሰው በእውቀቱ ወይም በተረቱ ይመርጡታል ይባላል። እዚህ መመዘኛው አንድ ነው፦ ደብተሩ የማን ነው? ወረቀቱ የእሱ ስለሆነ ዋሻው የእሱ ነው፣ ዋሻው የእሱ ስለሆነ ዘንዶው የእሱ ነው፣ ካኮረፈም ዓለሙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ሰው ራሱ አንድ ገጸ ባሕርይ በድብቅ ካስገባ አክተር ይሆናል። አክተር ደግሞ አይሞትም። ሕጉ ከቪዲዮ ቤት የመጣ ነው፤ ፊልሙን ከግማሹ ገብቶ ማየት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ ማነው?» ብሎ ነው፣ ከተነገረው በኋላ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

የተራ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያጣላል። ልጆቹ ሳያውቁት የቆየ ባህል ይዘው ነው። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን በሰፊው ጽፎታል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሄንሪ ሶልትም በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል፤ የከበበው ሰው ሁሉ ሐሳብ እየሰጠ ጫጫታ ነበር። በለገሃር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ተጫዋችና ሰባት መካሪ ቢገኝ እንግዲህ ሥልጣኔ ነው።

መልክዐ ምድሩ ቀላል ነው። የደብተሩ መስመር ሐዲድ ነው፣ ከግራ ያለው ቀይ ኅዳግ የአገር ድንበር፣ የገጹ ግርጌ ጅቡቲ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በሃያ ምናምን መስመር ያልቃል፤ አዋሽ አንድ ጣት ነው። ገጹ አናት ላይ የለገሃሩ አንበሳ ቆሟል፣ ዘውዱን ደፍቶ፣ ሣር ውስጥ። ሣሩ ሐውልቱ ላይ የለም፤ እግር መሳል ስለሚያስቸግር የተተከለ ነው።

አንበሳው የተለየ ደንብ አለው። ቢሸነፍ አይሞትም፤ ሮም ይሄዳል። ይህንን ልጆቹ አልፈጠሩትም፣ ከአያት የሰሙት ነው። ሐውልቱ በ1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ከቆመ በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅሎ ሮም ወስዶ አቆመው፤ ዘርዓይ ደረስም በ1930 ሮም ላይ ጎራዴውን የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ፊት ነው። አንበሳው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጨዋታው የሚመለሰው በስድስተኛው ተራ ነው፤ በዲፕሎማሲ ረገድ ትልቅ መሻሻል ነው።

ለዚህ ጥናት ዋና ምንጭ የሆነው ደብተር የካዛንቺስ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሠራው ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው፣ ካዘ ኢንቺስ። በደብተሩ ካርታ ላይ ዋሻው የጎረቤት ማድ ቤት ነው፣ የሙታን ወንዝ የቦይ ውኃ ነው፣ አስማተኛዋ ጠጅ ትጥላለች። በ2017 የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሲገባ ካርታው አልታረመም። ባለደብተሩ ደብተሩን ይዞ ሄዷል። ከሉክ ላይ በምላጭ ተቆርጠው የወጡት ሁለት ጀግኖች ለገሃር በቀረ ልጅ ኪስ ውስጥ ናቸው፣ እጃቸውም እነሱ ኪስ ውስጥ። በመጨረሻው ተራ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ነበር፤ እስክሪብቶው ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባና ስንት እንደወጣ ሳይታይ ልጆቹ ተጠሩ። አልጋው በማግስቱ ተፈትቶ አይሱዙ ላይ ተጭኗል።