ሰው የማይበዛበት ባሕር ለሚመርጡ ክቡር እንግዳ

ሰኔ ግም ሲል አውሮፓ ውስጥ የባሕር ምርጫ ይጀመራል። መስፈርቱ የታወቀ ነው፤ ባሕሩ የጠራ፣ ምግቡ የጣፈጠ፣ ባህሉ የጠነከረ እንዲሆን ይፈለጋል። ከሦስቱ ግርጌ ደግሞ አራተኛ መስፈርት አለ፤ ሰው እንዳይበዛበት። ሜዲትራኒያንን ከሃያ በላይ አገሮች ከበውታል። ክቡር እንግዳ ግን ሁሉንም አገላብጠው አይተው ሳንቶሪኒን፣ ባርሴሎናንና ቬኒስን ይመርጣሉ፤ ያውም በሐምሌ። ለምን ቢባሉ፣ ፎቶው ላይ አንድም ሰው ስላልታየ ነዋ!

ይህን የመሰለ ብልህ ምርጫ ሳይታገዝ መቅረት የለበትም። እነሆ ጥቂት ምክር።

ስለ ባሕር ዳርቻ ከሆነ የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን የሚያህል የለም። የደሴቲቱ ቋሚ ነዋሪ 15 ሺህ ገደማ ነው። በጁላይ 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ቀን ብቻ 11 ሺህ ያህል ሰው ከመርከብ እንደሚወርድ ሲጠበቅ፣ አንድ የአካባቢው ሹም ነዋሪው በተቻለ መጠን ከቤቱ እንዳይወጣ በፌስቡክ መከረ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ጽሑፉ ተነሣ እንጂ ሐሳቡስ ጨዋ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ጓዳ ገብቶ በሩን ቢዘጋ ምን ነውር አለው? ደግሞም በአካል መገኘቱ ፎቶ ያበላሻል። ከአሮጌው ወደብ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ፊራ የሚያወጣው ደረጃ ረጅም ነውና ክቡር እንግዳ በአህያ ይወጣሉ። የግሪክ መንግሥት በ2018 አህያ ከ100 ኪሎ በላይ እንዳይጫንባት ስለ ደነገገ፣ ጉዞውን ከቁርስ በፊት ቢያደርጉት ይመከራል። ከ2025 ወዲህ በዋናው የጉብኝት ወቅት ከመርከብ የሚወርድ ሁሉ 20 ዩሮ ይከፍላል። የፀሐይዋ መጥለቂያ ግን አሁንም በነጻ ነው፤ ከፊትዎ በቆመው ሰው ስልክ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ምግብ ከተባለ ባርሴሎና። የሜዲትራኒያን አመጋገብ በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የተመዘገበው ወይራውና ዓሣው ብቻ ሳይሆን ዘርቶ፣ አጥምዶ፣ አብስሎ፣ ከጎረቤት ጋር ማዕድ ከቦ የመብላት ልማዱ ጭምር ነው። ክቡር እንግዳ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የላቸውም። ላ ራምብላ ጎዳና ላይ ፎቶው በር ላይ የተለጠፈ ፓኤያ ያዛሉ። ፓኤያ የቫሌንሲያ ምግብ ነው ብሎ የሚያስታውስ አስተናጋጅ ቢኖር ምቀኛ ነው። ቀጥለው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ለ1992ቱ ኦሎምፒክ ሲባል ተስተካክሎ ወደ ተዘጋጀው አሸዋ።

በጁላይ 2024 የከተማዋ ሰዎች ሰልፍ ወጥተው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጎብኚዎችን በአሻንጉሊት ሽጉጥ ውሃ ረጯቸው። መቼም የባርሴሎና መስተንግዶ ወደር የለውም፤ እንግዳው ወደ ውሃው እስኪወርድ አልጠበቁም፣ ውሃውን ወንበሩ ድረስ አመጡለት። ሰልፈኞቹን ያስቆጣው ነገር ቀላል ነው። የከተማዋ ከንቲባ እንዳሉት በአሥር ዓመት ውስጥ የቤት ኪራይ 68 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ ለጎብኚ በአጭር ጊዜ የሚከራዩ የ10,101 አፓርታማዎችን ፈቃድ ባለማደስ እስከ 2028 መጨረሻ ሁሉንም ለማስቀረት ከተማዋ ወስናለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ክቡር እንግዳ ግን ማንንም አልናቁም። የተከራዩት ቤት ትናንት የአንዲት አሮጊት እንደ ነበር የነገራቸው የለምና።

ባህል ደግሞ ቬኒስ ነው። ታሪካዊቷ ከተማ በ1951 ከ170 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። በዚህ አያያዝ ክቡር እንግዳ የተመኙት ጸጥታ ሩቅ አይደለም። ዳቦ ቤቱ የጭምብል መሸጫ፣ ጭምብል መሸጫው የማግኔት መሸጫ እየሆነ ሲሄድ፣ ባህሉ ፍሪጅ ላይ ለመለጠፍ የሚመች መጠን ይይዛል። በአፕሪል 2024 በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ የ5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ተጀመረ። ቲኬት የሚቆረጥባት ከተማ ለባህል ወዳድ እንዴት ትመቻለች! ነዋሪው ሲያልቅ ሙዚየም መሆኗን ማወጅ ብቻ ነው የሚቀረው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ክቡር እንግዳ ካለ የእርሱ ምርጫ ይበልጥ ቀላል ነው። የሸንገን ቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በአፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞ፣ ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛም ከለከለ። ምክንያቱ ደግሞ መንግሥታቸው ያለ ፈቃድ አውሮፓ የቆዩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ባሕሩ እንዳይጨናነቅ ከሚደረገው ጥንቃቄ አንዱ ይህ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሰው በዝቶብኛል የሚል ካለ ላምፔዱዛ አለችለት። የዚያች የጣሊያን ደሴት የጥንቸሎች ዳርቻ በ2013 መጀመሪያ በትሪፕአድቫይዘር የዓለም ምርጥ የባሕር ዳርቻ ተብሎ ተመርጧል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3፣ ከዚያው ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሊቢያ የተነሣች ጀልባ በእሳት ተያይዛ ሰጠመች። ከ360 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከ2014 ወዲህ በሜዲትራኒያን የሞቱና የደረሱበት የጠፋ ሰዎች ብሎ የመዘገባቸው ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ አሸዋው ጥራት አስተያየት አልጻፉም፤ ለባሕሩም ኮከብ አልሰጡም። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፤ ክቡር እንግዳ የጠራ ነው ብለው የመረጡት።

አሁን ሽሙጡ ይብቃ። ማረፍ ኃጢአት አይደለም፤ ባሕርም ለሁሉም ነው። ነገር ግን የሚሄዱበትን አገር ሲመርጡ ስለ አሸዋውና ስለ ሳህኑ ከመጠየቅዎ በፊት እዚያ ማን እንደሚኖር፣ ማን ለቅቆ እንደ ወጣ፣ ማን ሊደርስ ሲል እንደ ቀረ ይጠይቁ። በጥቅምት ይሂዱ፤ ሆቴል ይደሩ እንጂ የነዋሪ ቤት አይከራዩ፤ የሰፈሩ ሰው ከሚበላበት ገብተው ይብሉ፤ ከአህያዋም ይውረዱ። ይህ የሚከብድዎ ከሆነ፣ የሳንቶሪኒ ሰው ቤቱ ከሚቀመጥ እርስዎ ቤትዎ ቢቀመጡ ይሻላል።