ብሉይ ማተሚያ በሐዲስ ሥርዓት

ስለ ኅትመት የጻፉ ሊቃውንት ፊደሉን፣ ወረቀቱንና ቀለሙን አጥብቀው መርምረዋል፤ ነገር ግን ትናንት ደኅና ሲሠራ የነበረ አሮጌ ማተሚያ ዛሬ አዲስ ከተገዛ ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ገመድ ተያይዞ፣ መብራቱ በርቶ፣ ወረቀቱም ሞልቶ ሳለ አንዲት መስመር እንኳ አላትምም የሚልበት ነገር፣ ለቢሮ ጸሐፊዎች ጭንቀት፣ ለጥገና ባለሙያዎችም ሲሳይ ከመሆን አልፎ የሚገባውን የምርምር ክብር አላገኘም። ስለዚህ በዚህ አጭር ድርሳን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ ምስክር እየጠራን፣ ለማተሚያውም ለኮምፒዩተሩም ሳናዳላ ለመመርመር ተነሥተናል።

ከሥሩ እንጀምር ካልን መነሻችን ሮም ናት። ጀርመናዊው ካህን ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል በዚያች ከተማ አሳተመ፤ ይኸውም በግእዝ ቋንቋ ከማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ማተሚያው ፈረንጅ፣ ፊደሉ ሐበሻ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሊግባቡ የቻሉት ፖትከን በሮም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን ተምሮ ስለ ነበር ነው። ማተሚያ ያለ አስተርጓሚ ዲዳ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በዚያን ዘመን አስተርጓሚው እንጀራ የሚበላ፣ ቢታመም የሚጠየቅ ሰው ነበር፤ የዛሬው አስተርጓሚ ግን ድራይቨር የሚባል፣ የማይበላና የማይጠጣ፣ የማይታይና የማይዳሰስ፣ ሥርዓቱ በተለወጠ ማግሥት ግን ደብዛው የሚጠፋ ረቂቅ ነገር ነው።

ለምርመራችን በምስክርነት የምንጠራው ኤች ፒ ሌዘር ጄት 1010 የተባለውን ማተሚያ ነው። ይህ ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ዓለም የመጣ፣ በደቂቃ 12 ገጽ የሚያትም፣ ጠቅላላ ሜሞሪው ከ8 ሜጋ ባይት የማይበልጥ፣ 12ኤ የሚባለውን ካርትሬጅ የሚጎርስ ትሑት ፍጥረት ነው። ሠሪዎቹ ለካርትሬጁ 2,000 ገጽ ዕድሜ ወስነውለት ነበር፤ በእኛ አገር ግን ካርትሬጅ ባለቀ ቁጥር እየተከፈተ ዱቄት የሚሞላለት በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ ቢያዩት የማያምኑትን ዕድሜ ሲኖር ይገኛል። ማተሚያውን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቁት ሰዎች መልኩን ሊዘነጉት አይችሉም፤ የወረቀት መያዣው ከተሰነጠቀ ቆይቶ በፕላስተር የታሰረ፣ ከላዩ ዳንቴል የተነጠፈለት፣ በሚያትምበት ጊዜ ዳንቴሉ በአክብሮት የሚነሣለትና ሲጨርስ የሚመለስለት ነው። ከዚህም ሌላ ለክርክራችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ጠባይ አለው። ከኮምፒዩተር ሳይገናኝ ብቻውን ሳለ ጎ የሚባለውን ቁልፍ አምስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርገው ቢይዙት፣ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚናገር አንድ ገጽ አትሞ ይሰጣል። ጤንነቱን በራሱ እጅ ጽፎ የሚያስረክብ በሽተኛ ደግሞ በሽተኛ ሊባል አይገባውም።

ማተሚያው የሚናገረው በብርሃን ነው። አረንጓዴዋ ስትበራ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ሲሆን፣ ይህ ግልጽ ስለ ሆነ ትርጓሜ አያሻውም። የብርቱካናማዋ ነገር ግን ምሥጢሩ ጥልቅ በመሆኑ መምህራን እንዲህ ያመሠጥሩታል። ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ ወረቀት የለኝም ሲል ነው። አንድም ደጄ አልተዘጋም ሲል ነው። አንድም ካርትሬጁ በቦታው አልገባም ሲል ነው። አንድም ወረቀት በጉሮሮዬ ተሰንቅሯል ሲል ነው። የታተመው መመሪያ የሚያውቀው እስከዚህ ነው፤ በቢሮ ጸሐፊዎች ዘንድ በቃል የሚወርድ አምስተኛ ትርጓሜ ግን አለ፤ አንድም ደብዳቤው አስቸኳይ መሆኑን ስላወቀ ነው።

የእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ ብርቱካናማዋ ጠፍታ፣ አረንጓዴዋ በሰላም በርታ፣ ወረቀቱ ግን አይወጣም። በዚህን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሊቃውንት በሁለት ጉባኤ ይከፈላሉ። የብሉይ መምህራን የምንላቸው ማተሚያ ፈትተው የሚጠግኑት ሲሆኑ፣ እነርሱ ጆሮአቸውን ወደ ማተሚያው አስጠግተው የጥርሱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ካርትሬጁንም አውጥተው ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ። የሐዲስ መምህራን የተባሉት ኮምፒዩተር የሚያውቁት ወጣቶች ሲሆኑ፣ እነርሱ ማተሚያውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ከጸሐፊዋ ጋር የሚከተለውን ትምህርተ ኅቡአት ይለዋወጣሉ።

«እትዬ፣ አጥፍተው ያብሩት።»

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ገመዱን ነቅለው ይሰኩት።»

«እሱንም አድርጌዋለሁ።»

«በሌላኛው ቀዳዳ ይሞክሩት።»

«በሁሉም ሞክሬዋለሁ።»

«ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ያድርጉትና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

ይህ ሥርዓት በየትኛው ቀኖና እንደ ተጻፈ ባይታወቅም፣ አንዳንድ ጊዜ መሥራቱ ክርክሩን ከማብረድ ይልቅ አባብሶታል፤ የሠራበትን ምክንያት ከሁለቱ ጉባኤ አንዱም አላስረዳምና።

እውነተኛው ምክንያት ከማተሚያውም ከገመዱም ውጭ ነው። 1010 በተወለደበት ዘመን የነገሠው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ በዚያ መንግሥት ማተሚያው አስተርጓሚውን በሲዲ ይዞ እየገባ ያለ ችግር ያገለግል ነበር። በ2007 ቪስታ፣ በ2009 ዊንዶውስ 7 ተተኩ፤ ኮምፒዩተሮችም ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ተሻገሩ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጽኑ ሕግ ይያዝልን፤ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር፣ ምንም ያህል ታማኝና የረጅም ዘመን አገልጋይ ቢሆን፣ ወደ 64 ቢት ሥርዓት ፈጽሞ አይገባም። ለአዲሱ መንግሥት አዲስ አስተርጓሚ ይጻፍ ቢባል ደግሞ የሚጽፈው ማተሚያውን የሠራው ድርጅት ነው፤ ድርጅቱም ከገበያ ላነሣው ዕቃ ቋንቋ ማስተማሩን ትርፍ ድካም አድርጎ ቢያየው በነጋዴ ሚዛን አይፈረድበትም። አሮጌው ሲዲ በመሳቢያ ውስጥ ቢገኝ እንኳ አዲሱ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም።

የአስተርጓሚ መጥፋት ምን ያህል እንደሚያዋርድ ከ1010 ወንድም ከ1012 ታሪክ ማየት ይበቃል። 1012 በዊንዶውስ 7 ሥር በማያውቀው ቋንቋ ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ዝም ከማለት ይልቅ «አንሰፖርትድ ፐርሰናሊቲ፦ ፒ.ሲ.ኤል.» የሚል ቃል በወረቀት ላይ አትሞ ያወጣ ነበር። ማተም አለመቻሉን በንጹሕ ወረቀት፣ በጠራ ቀለም፣ መስመር ሳያዛንፍ አትሞ የሚያስረዳ መሣሪያ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ምን ስፍራ ሊሰጠው እንደሚገባ ለሌሎች መርማሪዎች እንተወዋለን።

የማተሚያን ምሥጢር ሸሽጎ መያዝ ያስቆጣቸው ሰዎች በባሕር ማዶም ነበሩ። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለው ሰው በኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ሳለ፣ ወረቀት በጉሮሮው በተሰነቀረ ጊዜ ለሠራተኞች መልእክት እንዲልክ አድርጎ የቀድሞውን ማተሚያ ፕሮግራም አሻሽሎት ነበር፤ ከዜሮክስ ለመጣው አዲስ ሌዘር ማተሚያ ግን የፕሮግራሙን ጽሑፍ የሚሰጠው አጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ያወጀው ይህ ሰው ቁጣውን ሲተርክ የማተሚያውን ነገር ሳያነሣ አያልፍም። ከዚያ ሥራ ጋር ተያይዞ ባደገው፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ዘንድ ሽማግሌው 1010 ዛሬም በገዛ ስሙ ተጠርቶ ያትማል። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ሊኑክስን ከሚያስገቡ ማተሚያውን ወደ መጋዘን ማስወጣት ይቀናቸዋል።

ወደ መድኃኒቱ ከመሻገራችን በፊት ስፑለር ስለሚባለው ደጅ ጠባቂ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ለኅትመት የተላከ ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ማተሚያው አይሄድም፤ በስፑለሩ ዘንድ ሰልፍ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ማተሚያው ካልተግባባ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል፤ ጸሐፊዋ ተስፋ ቆርጣ ብትሰርዘው «ዲሊቲንግ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበትና ከሕያዋን ያልተቈጠረ፣ ከሙታንም ያልተደመረ ሆኖ ይሰነብታል፤ ከኋላው የተሰለፉትንም ሁሉ ያግዳቸዋል። ከዚህ ማሠሪያ የሚፈታው ስፑለሩን ከአገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ በማቆም፣ በሲስተም32 ሥር «ፕሪንተርስ» በሚባለው አቃፊ የተከማቸውን አጥርቶ በመደምሰስና ስፑለሩን እንደገና በማስነሣት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ አንዱን ደብዳቤ ደጋግሞ እየላከ ሰልፉን ያስረዝመዋል፤ ይህም ለዘበኛው ያልተከፈተ በር ለባለጉዳይ ብዛት ይከፈታል ብሎ የማመን ያህል ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ደርሰናል። የዚህ መድኃኒት ፈልሳፊ ማን እንደ ሆነ ታሪክ ስሙን አላቆየልንም፤ ትምህርቱ ግን ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትውፊት ነው። ሽማግሌው 1010 በአዲሱ ሥርዓት መዝገብ ስሙ አይገኝም፤ በዚያ መዝገብ ግን ሌዘር ጄት 3055 የሚባል፣ ከእርሱ በኋላ የተወለደ፣ ከማተም ሌላ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ስካን የሚያደርግና ፋክስ የሚልክ ባለ ብዙ ማዕረግ ማተሚያ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ባለሙያው «አድ ፕሪንተር» ብሎ ይገባል፤ ከፖርቶቹ መካከል ዶት4_001 የተባለውን ይመርጣል፤ ከኤች ፒ ዝርዝር ውስጥ 3055 ፒ.ሲ.ኤል.5ን ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ አጭር ሆኖ ካገኘው «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ተጭኖ ቡናውን እየጠጣ ይታገሣል፤ ስሙ በመጣም ጊዜ ያንን ለሽማግሌው ይሰጠዋል። ወዲያው ማተሚያው ያጓራል፤ የሙከራው ገጽም ይወጣል።

አንዳንድ ጥብቅ ሰዎች ይህን ማጭበርበር ነው ይሉታል። እኛ አንስማማም። በአገራችን ሰው በአደባባይ የሚጠራበት አንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን የሚጠራበት ሌላ የክርስትና ስም ሲኖረው ሐሰተኛ ያለው ማንም የለም፤ ሰውየው አንድ ነው፣ የሚጠራው ደጅ ግን ሁለት ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ማተሚያዎች ባዕዳን አይደሉም፤ ሁለቱም የሚጎርሱት ያንኑ 12ኤ ካርትሬጅ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚወቀስ ካለ ኮምፒዩተሩ ነው፤ ከፊቱ የቆመውን ሳይመረምር በመዝገብ የተጻፈለትን ስም ብቻ ጠይቆ፣ ስሙ ከተነገረው በኋላ ፋክሱ የት አለ፣ ስካነሩስ ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ የማይጠይቅ ዘበኛ ነውና።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ዘመኑ እያጠረ መምጣቱን መሰወር አይገባም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የማተሚያ አምራቾች የሚያቀርቧቸውን ድራይቨሮች በዊንዶውስ አፕዴት ማሰራጨቱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ከእንግዲህ ማተሚያዎች ሁሉ አይ.ፒ.ፒ. በሚባል አንድ የጋራ ቋንቋ ይናገሩ የሚል ትምህርት መጥቷል። ለአዲሶቹ መልካም ነው፤ አስተርጓሚ የማያሻው ዘመን ይሆንላቸዋል። በ8 ሜጋ ባይት ሜሞሪ አዲስ ቋንቋ ሊማር ለማይችለው ለ1010 ግን የተሰጠውን ሁለተኛ ስም አጥብቆ ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛ ስም ደግሞ መዘዝ አያጣውም። ሰኔ ሠላሳ ሲቃረብ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለቈጠራ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይገባል እንበል። የጸሐፊዋን ኮምፒዩተር ሲመለከት በማያ ገጹ ላይ ሌዘር ጄት 3055 የሚል ተጽፎ ያያል። መዝገቡን ይገልጣል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ አልሆነም፣ በሞዴል 22ም ወጪ አልተደረገም። ጠረጴዛው ላይ ያለው በፕላስተር የታሰረ 1010 ነው፤ እርሱም በመዝገብ አለ፣ ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም። ያለው የማይታወቅ፣ የሚታወቀው የሌለ ሆኖበት አንድ ደብዳቤ ያረቅቃል፤ የደብዳቤውም ቃል፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካነርና ፋክስ ያለው ሌዘር ጄት 3055 ማተሚያ በማን እጅ እንደሚገኝ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተገልጾ እንዲቀርብ የሚያዝዝ ነው። ጸሐፊዋ ትተይበዋለች፤ ዳንቴሉን ታነሣለች፤ ደብዳቤውም ከ1010 በሦስት ቅጂ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግራ ጠርዙ ስለ ደበዘዘ ካርትሬጁ ተነቅንቆ እንደገና ይታተማል። ከዚያ ለፊርማ ወደ ኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊውም ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ መሥሪያ ቤታቸው የፋክስ ባለቤት መሆኑን በማወቃቸው ደስ ብሏቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ «በፋክስ ይላክ» ብለው በኅዳጉ ይመሩበታል።